ሞተር ከመውረዱ በፊት



ዛሬ የማነሣው በየጋራዡ በየቀኑ ስለሚሰጥ አንድ ውሳኔ ነው። መኪናው እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ዳገት ላይ ጉልበት አጥቷል፤ ማርሚታው አልፎ አልፎ ይተኩሳል። ኮፈኑ ይከፈታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ነዳጅ ይረገጣል፤ ድምፁ ይደመጣል። ከዚያ «ሞተሩ መውረድ አለበት» ይባላል። ባለመኪናው ምን ያድርግ? መኪናዋ እንጀራው ናት፤ አንገቱን ደፍቶ ይስማማል። ሞተሩ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ብዙ ገንዘብ ፈሶበት ሲያበቃ ጥፋቱ አንድ ካንዴላ፣ አንድ ቦቢና ወይም አንድ ጥርስ የዘለለ የታይሚንግ ቺንጋ ሆኖ ይገኛል።

ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው፦ ሳይለካ ሞተር አይውረድ፤ ሲለካም የቆምንበት ከፍታ ታስቦ ይለካ። ይህ ለሁሉም መካኒክ ይጠቅማል፤ ለእኛ ግን ከሁሉም ይልቅ ያስፈልገናል። እዚህ ደብረ ሲና ላይ ጤነኛ ሞተር በመለኪያ ሲታይ የታመመ ይመስላልና።

እስቲ የቆምንበትን ቦታ እናስበው። ደብረ ሲና ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ ወጥተን ጣርማበር፣ ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ያስቆፈሩት ዋሻ ስንደርስ ከ3,000 ሜትር እናልፋለን። ወደ ታች በአርማንያ በኩል ሸዋ ሮቢት ስንወርድ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ እንገኛለን። ከዚህ እስከ ሸዋ ሮቢት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በዚህች አጭር መንገድ መኪናው ወደ 1,400 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። እዚህ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው እዚያ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል።

ሞተሩ ደግሞ ለውጡን የሚያገኘው በሚስበው አየር ነው። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 100 ነው ብንል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 86 ገደማ፣ እዚህ ደብረ ሲና 72 ገደማ፣ ጣርማበር ዋሻ አጠገብ ደግሞ 68 ገደማ ይሆናል። የመኪና መጽሐፍ ላይ የሚታተመው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ያንን ቁጥር እንዳለ ወስደን እዚህ ተራራ ላይ ከፈረድንበት፣ ያለጥፋቱ የምንከፍተው ሞተር ብዙ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያሳስበኝ በሌላም ምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ በዚህ መንገድ የሚመላለሱት ኮሮላዎች፣ ቪትሶችና ሚኒባሶች ገና ለብዙ ዓመታት የእኛው ናቸው። ያለምክንያት የተከፈተ ሞተር ጉዳቱ ለባለንብረቱ ብቻ አይደለም። ተሳፋሪው ይጉላላል፤ ቃሪያና ቲማቲም ጭኖ ከቆላ የሚወጣው ነጋዴ ዕቃው ይበላሽበታል።

አሁን ወደ ሞተሩ ልግባ። ቤንዚን ሞተር አራት ሥራ ይሠራል፦ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ የተቃጠለውን ያስወጣል። ይህ ሁሉ ሲፈጸም ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ፣ ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በአራት ሲሊንደር መኪና ውስጥ በየሰከንዱ 100 ጊዜ እሳት ይነሣል። ከእነዚህ አንዱ ሲቀር ነው ሚስፋየር የምንለው። አንድ ሲሊንደር ጨርሶ ከተኛ መኪናው በሦስት ይሠራል፤ መሪውም፣ ወንበሩም፣ ማርሽ ዘንጉም ይንቀጠቀጣሉ።

አንድ ሲሊንደር እንዲያቃጥል ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ በሰዓቱ የሚመጣ እሳት፣ የተመጣጠነ ነዳጅና አየር፣ በቂ እመቃ። ቫልቮቹ በሰዓታቸው መከፈትና መዘጋታቸው ሦስቱንም ይገዛል። ፍተሻው ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ሳይፈታ ከሚታየው ተፈትቶ ወደሚታየው ይሂድ።

የመጀመሪያው መሣሪያ ጥያቄ ነው። ሾፌሩን «መቼ ነው የሚያስቸግርህ?» በሉት፤ መልሱን ሳታቋርጡ ስሙት። «ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ ስገባ» ካለ መጀመሪያ የካንዴላ ካቦዎችን፣ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳንና የቦቢናውን ጎማ ተመልከቱ። ጉሙ ያረጀ ካቦን ያረጥባል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ ሳስቶ የቆመው አየር ኮረንቲን የመከልከል አቅሙ ስለሚቀንስ፣ እሳቱ ካንዴላው ጫፍ ሳይደርስ በውጭ በኩል ወደ ብረቱ ይዘላል። ማታ ኮፈኑን ከፍታችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ ብታዩት ሰማያዊ ብልጭታ በካቦው ላይ ሲሮጥ ታገኙታላችሁ። ያ መኪና ካቦ እንጂ የሞተር እድሳት አያስፈልገውም።

«ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ይጠፋብኛል፤ ቆሜ ሲቀዘቅዝ ይነሣል» ካለ፣ ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና ይጠርጠር። ካርቡራተር ላላቸው አሮጌ መኪኖች ደግሞ ነዳጁ በቱቦው ውስጥ ሞቆ ወደ ትነት መለወጡን አትርሱ። «ቁልቁለቱን ወርጄ ነዳጅ ስረግጥ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ ከዚያ ይንቀጠቀጣል» ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ረጅሙን ቁልቁለት በማርሽ ተይዞ ሲወርድ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞር ሞተር በቫልቮቹ ግንድ በኩል ዘይት ይስባል። ዘይቱ ካንዴላውን ያረጥበዋል። እዚህ ላይ የሚጠረጠረው የቫልቭ ጎማ ነው። ይህን ሁሉ የነገረን ሾፌሩ ነው፤ አንድ ብሎን እንኳ አልፈታንም።

ሁለተኛው እርምጃ የተኛውን ሲሊንደር መለየት ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ ሲሊንደሮቹን በየተራ እናጠፋለን። ሲጠፋ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ ሰነፉ እሱ ነው። በኢንጀክተር መኪኖች ላይ የኢንጀክተሩን ሶኬት ንቀሉ እንጂ ቦቢናውን አትንቀሉ። ቦቢናው ብቻ ከተነቀለ ነዳጁ ሳይቃጠል ወጥቶ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያቃጥላል። በአሮጌዎቹ ላይ ካቦ ስትነቅሉ በደንብ በተሸፈነ ፒንሳ ይሁን፤ የተነቀለውንም ካቦ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙት። እሳቱ መሄጃ ካጣ ቦቢናውን ይመታል፤ እጃችሁንም ሊያገኝ ይችላል። ስካነር ያላችሁ ደግሞ ፒ 0301 ብሎ ሲጽፍ አንደኛው ሲሊንደር፣ ፒ 0302 ሲል ሁለተኛው ማለቱ ነው። ፒ 0300 ካለ ችግሩ በአንድ ሲሊንደር ላይ አልተወሰነም፤ ስለዚህ ሁሉንም የሚነካ ምክንያት ፈልጉ።

ሦስተኛው እርምጃ ካንዴላውን አውጥቶ ማንበብ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለው ነዳጅ በዝቷል። ዘይት ከነካው ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ነው። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ነዳጅ አንሶታል ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል። ከፍታችን እዚህም አለበት። ካርቡራተር ያለው መኪና ቆላ ላይ ተስተካክሎ ወደዚህ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ነዳጁ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ይህ ተራራው ያመጣው ነው። ቪትስና መሰሎቹ ግን የአየሩን ግፊት በሴንሰር ለክተው፣ የጭሱንም ኦክስጅን አይተው ነዳጁን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ቪትስ ደብረ ሲና ላይ ካንዴላ ካጠቆረ በከፍታው ማሳበብ አይቻልም፤ ሴንሰሩን ወይም ኢንጀክተሩን መርምሩ።

ካንዴላውን ካነበባችሁ በኋላ ከጎኑ ካለው ጋር አቀያይሩት። ሕመሙ ከካንዴላው ጋር ወደ አዲሱ ሲሊንደር ከሄደ ጥፋተኛው ካንዴላው ነው። ካልሄደ ቦቢናውን አቀያይሩ። ይህ ሥራ አዲስ ዕቃ አያስገዛም፤ የሚሰጠው መልስ ግን የታመነ ነው።

አራተኛው እርምጃ ኮምፕረሽን መለካት ነው፤ ዋናው ጉዳዬም እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የነዳጅና የእሳት መስመሩ ተቋርጦ፣ ነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ በሙሉ ባትሪ ይለካ። ፔዳሉ ካልተረገጠ አየር አይገባም፤ ቁጥሩም ውሸት ይሆናል። አሁን መጽሐፉ 180 ፒኤስአይ ይላል እንበል። ይኸው ጤነኛ ሞተር ሸዋ ሮቢት ላይ ሲለካ 155 ገደማ፣ እዚህ ደብረ ሲና ደግሞ 130 ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚያምቀው አየር ነው። 130 አይቶ «ፋሻው አልቋል፤ ይውረድ» የሚል ሰው የፈረደው በተራራው ላይ ነው።

ታዲያ በምን እንመን? በንጽጽር እንመን። ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ይተያዩ። ዝቅተኛው ከከፍተኛው ሦስት አራተኛ በታች ከሆነ ያ ሲሊንደር በእርግጥ ታሟል። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው ነው፤ ካልወጣ ቫልቩ ነው። ሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን በመካከላቸው ተበልቷል።

አራቱም እኩል ዝቅ ካሉስ? እዚህ ላይ ልብ በሉ። አራቱም እኩል ዝቅ የሚሉት በከፍታው ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ የታይሚንግ ቺንጋው ወይም ሰንሰለቱ ጥርስ ዘሎም ሊሆን ይችላል። ቺንጋው ዘሎ ካምሻፍቱ ሲዘገይ የመሳቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ይዘጋል፤ የገባው አየር ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል፤ እመቃውም በሁሉም ሲሊንደር ይወርዳል። የቫኪዩም መለኪያም ብትሰኩ በሁለቱም ምክንያት ዝቅ ብሎ ይቆማል። ሁለት መለኪያዎች አንድ ነገር ሲናገሩ ሰው ያምናል። ደብረ ሲና ላይ ግን ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ተራራው ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ዓይን ነው፤ ክዳኑ ተነሥቶ የታይሚንግ ምልክቱ መታየት አለበት።

ለዚህ ነው ይህን የላዳ ሞተር እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥነው። ላዳ በሰማያዊና ነጭ ቀለሙ የአዲስ አበባን ሕዝብ ለረጅም ዘመን በታክሲነት አገልግሏል። ካምሻፍቱ ከላይ ነው፤ በሰንሰለት ይዞራል፤ ምልክቶቹ በጉልህ ይታያሉ። ተማሪዎች እስቲ ቀረብ በሉ። ከታች ያለችው የክራንክሻፍት ማርሽ 19 ጥርስ አላት፤ ከላይ ያለው የካምሻፍት ማርሽ 38። ሁለት ለአንድ ያልነው ይኸው ነው። 360 ዲግሪ ለ38 ሲካፈል አንድ ጥርስ 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሆናል። በክራንክሻፍቱ ሲቆጠር ደግሞ 19 ዲግሪ ነው። አንዲት ጥርስ ብትዘል ቫልቮቹ ከፒስቶኑ 19 ዲግሪ ይሳሳታሉ ማለት ነው። መኪናው ይነሣል፤ ሜዳ ላይም ይሄዳል፤ የጣርማበርን ዳገት ግን በዚያ ጉልበቱ አይወጣውም።

አሁን አቀማመጡን እዩ። የክራንክሻፍቱን ብሎን በቁልፍ ይዤ፣ ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ በእጄ አዞረዋለሁ። የፑሊው ምልክት በፊት ክዳኑ ላይ ካለው ረጅሙ ምልክት ጋር ይገጥማል። ከላይ ደግሞ በካምሻፍቱ ማርሽ ላይ ያለችው ነጥብ በካምሻፍቱ ተሸካሚ ቤት ላይ ካለችው ጉብታ ጋር ትገጥማለች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ካልገጠሙ ሰንሰለቱ ዘሏል፤ ወይም ያላግባብ ተገጥሟል። ሰንሰለቱን ካስተካከልን በኋላ የመወጠሪያውን ብሎን እናላላለን፤ ክራንክሻፍቱን ሁለት ሦስት ዙር እናዞራለን፤ ሰንሰለቱ ልኩን ሲይዝ ብሎኑን እናጠብቃለን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ አለ። በላዳ ሞተር ሁለቱ ምልክቶች ሲገጥሙ ለማቃጠል የተዘጋጀው አራተኛው ሲሊንደር ነው፤ አንደኛው አይደለም። የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ነው። ስለዚህ የዲስትሪቢዩተሩ ሮተር የአራተኛውን ካቦ ማየት አለበት። ወደ አንደኛው ያዞረ ሰው እሳቱን አንድ ሙሉ ዙር አሳስቶታል፤ ታይሚንጉ ልክ ሆኖ ሳለ ሞተሩ አይነሣለትም። በብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ግን ምልክቱ ሲገጥም የሚዘጋጀው አንደኛው ነው። የእያንዳንዱን ሞተር መመሪያ ሳያዩ ከአንዱ የተማሩትን በሌላው ላይ መጫን አያዋጣም።

ሌላው ወጥመድ ዲስትሪቢዩተሩ ከካምሻፍቱ ጋር አብሮ በሚዞርባቸው መኪኖች ላይ ነው። ቺንጋው ሲዘል እሳቱም አብሮ ይዘገያል። መካኒኩ ዲስትሪቢዩተሩን አዙሮ እሳቱን ወደ ልኩ ይመልሰዋል፤ መኪናው ትንሽ ይሻለዋል፤ ባለቤቱ ይሸኛል። ቫልቮቹ ግን እንደዘገዩ ናቸው። ዲስትሪቢዩተሩ ከለመደው ቦታ ርቆ ካልዞረ በቀር እሳቱ ልክ አልመጣም ካለ፣ ያ ራሱ ቺንጋው መዝለሉን እየነገራችሁ ነው። ጉልበት ይጨምራል ተብሎ እሳቱን እዚህ ብርድ ላይ ከልኩ በላይ ማስቀደምም ጉዳት አለው። ያው መኪና ሸዋ ሮቢት ወርዶ ወፍራሙን አየርና ሙቀቱን ሲያገኝ፣ ሜዳው ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ማንኳኳት ደግሞ ፒስቶን ይሰብራል።

ታይሚንግ ተገጥሞ ሲያበቃ አንድ ሥራ ይቀራል። ሞተሩን በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩና ምልክቶቹን ዳግመኛ ተመልከቱ። ቺንጋው ላልቶ የቆመበት ጎን ካለ በዚህ ጊዜ ይታያል። በመካከል ጠንካራ ነገር ከነካችሁ አቁሙ፤ ቫልቭና ፒስቶን ተገናኝተዋል። ይህን ሳያደርጉ ሞተሪኖ የሚመታ ሰው እጅ ሊነግረው የነበረውን በተጣመመ ቫልቭ ይረዳዋል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ሥራም ይሆናል።

ለሾፌሮች የምለው አለኝ። ሞተራችሁ ሲንቀጠቀጥ ከጣርማበር ቁልቁለት ላይ አጥፍታችሁ ወይም በዜሮ ማርሽ አትውረዱ። ብዙዎቹ መኪኖች ፍሬናቸው የሚያግዘው ሞተሩ በሚሰጠው ቫኪዩም ነው። ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ጊዜ ከረገጣችሁ በኋላ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ማርሽ ከሌለ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፤ መያዙን ይተዋል። በሦስት ሲሊንደርም ቢሆን በማርሽ ተይዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ታይሚንግ ቺንጋ ያለው መኪና የምትነዱም የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር ጽፋችሁ ያዙ። እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየራል። ሰንሰለት ያለው ደግሞ ዕድሜው በዘይት ነው፤ ዘይት ሳይቀየርለት የቆየ ሰንሰለት ይረዝማል።

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። መጽሐፉ የጻፈልን ቁጥር የባሕር ዳርቻ ነው ብያለሁ። የእኛን ቁጥር ማንም መጥቶ አይጽፍልንም፤ ራሳችን እንጻፈው። በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት ያለ እያንዳንዱ ጋራዥ አንድ ደብተር ይኑረው። ጤነኛ መኪና ለዘይት ቅያሪ ሲመጣ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ የሞተሩ ዓይነት፣ የሄደው ኪሎ ሜትርና የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕረሽን ይጻፍ። ላይና ታች ያላችሁ ባለሙያዎች ደብተራችሁን አስተያዩ። ያኔ «ደብረ ሲና ላይ ጤነኛ ኮሮላ ስንት ያሳያል?» ሲባል የምንመልሰው በግምት አይሆንም። ለተለማማጁም ከቃል የበለጠ ውርስ ይሆነዋል።

ባለመኪኖች ደግሞ «ሞተሩ ይውረድ» ስትባሉ በአክብሮት «ስንት ለካችሁ? የትኛው ሲሊንደር ነው? ታይሚንጉን አይታችኋል?» በሉ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ መልሱ በእጁ ነውና ደስ ይለዋል። እንዲህ ተለክቶ ሞተር መውረድ ካለበት ይውረድ፤ ያኔ ገንዘቡም ድካሙም ተገቢ ቦታ ላይ ውሏል።

ውጭ የቆሙ መኪኖች አሉ፤ መለኪያውም እዚህ ነው። የምትችሉ ሁሉ አብረን ወጥተን እንለካ፤ ቁጥሩንም ዛሬውኑ በደብተር እናስፍር።